ስትጥለው ወደ እኔ ጣለው

አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ዕቃ ይዞ ሰፈሩ የገባ ሰው ሦስት ነገር ሳይሰማ ቤቱ አይደርስም። አንደኛው «በስንት ገዛኸው?» ነው። የፈለገውን ዋጋ ይጥራ፣ ፍርዱ አንድ ነው፤ «ተበልተሃል!» ሁለተኛው «ከየት?» ነው። ከየትም ይግዛው፣ ጠያቂው መርካቶ ውስጥ የሚያውቀው አንድ ልጅ አለ፤ እሱ ጋ ቢሄድ ኖሮ በግማሽ ዋጋ ያገኘው ነበር። ይህ «ልጅ» የሚባለው ሰው በአካል ታይቶ አይታወቅም፤ ግን የከተማው ግማሽ ሕዝብ ወዳጁ ነው። ሦስተኛው ነገር ሲመጣ ድምፅ ዝቅ ይላል። ጎረቤት ዕቃውን ተቀብሎ ገልበጥ፣ መለስ አድርጎ ያየዋል። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ ቀልድ አስመስሎ፣ «በል እንግዲህ፣ ስትጥለው ወደ እኔ ጣለው» ይላል።

እኔ የማምነው ይህን ሦስተኛውን ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የገበያ ወሬ ናቸው። ዩቲዩብ ላይ ካርቶን እየከፈቱ፣ ላስቲክ እየላጡ «ዋው!» የሚሉት ወጣቶችም አራት ኮከብ ተኩል የሚሰጡት ባትሪው አንድ ዙር እንኳ ሳያልቅ ነው። በመጀመሪያው ቀን የማያምር ምን ዕቃ አለ? ጎረቤቴ ግን አርቆ ያያል፤ እኔ ከሰለቸሁት በኋላ ምን እንደሚተርፍ ያሰላል። ስለዚህ ለስልኩም፣ ለልብሱም፣ ለቅባቱም፣ ለፊልሙም የራሴን መለኪያ አበጅቻለሁ። ኮከብ ትቼ ወራሽ እቆጥራለሁ። አንድ ወራሽ ያገኘ ዕቃ ደህና ነው። ሦስት ያገኘ ምስጉን ነው። ማንም «ወደ እኔ ጣለው» ያላለው ዕቃ ግን ካርቶኑ ወርቅ ቢቀባም ዜሮ ነው።

በዚህ መለኪያ እስከ ዛሬ ዙፋኑን ያልለቀቀው ኖኪያ 1100 ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ገበያ ላይ ውሎ በዓለም ዙሪያ ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ካሜራ የለው፣ ኢንተርኔት የለው። አናቱ ላይ ግን መብራት አለው፤ ቁልፎቹም አቧራ እንዳያስገቡ በወጥ ላስቲክ የተሸፈኑ ናቸው። እኛ ቤት የመጀመሪያ ባለቤቱ ታላቅ ወንድሜ ነበር። ከእሱ ወደ እናታችን፣ ከእናታችን ወደ እኔ፣ ከእኔ ደግሞ ደብረ ብርሃን አካባቢ ገጠር ወዳለችው አክስቴ ወረደ። አክስቴ ማታ ማታ በረት ገብታ በጎቿን ስትቆጥርበት ከርማ፣ ለካ መደወልም ይችላል ብሎ የነገራት የልጅ ልጇ ነው። እሱም ምክሩን በነፃ አልሰጠም፤ የእባቡን ጨዋታ አይቶ ስለነበር ቆይቶ ስልኩን ራሱ ወረሰው። አራት ወራሽ! ከዚያ ወዲህ የገዛሁት ስልክ ሁሉ ይህን ሲሰማ አንገቱን መድፋት አለበት።

ስማርት ስልክ ሲመጣ ወራሽ ማፍራት ከባድ ሆነ። የስማርት ስልክ ባትሪ 500 ጊዜ ያህል ሞልቶ ካለቀ በኋላ ከመጀመሪያ አቅሙ 80 በመቶ ገደማ ይቀረዋል፤ በየቀኑ ቻርጅ ለሚያደርግ ሰው ይህ ዓመት ከመንፈቅ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሁለተኛው ባለቤት ስልኩን ከፓወር ባንክ ጋር ይረከባል፤ ሦስተኛው ከግድግዳው ጋር። እንደዚያም ሆኖ ቴክኖ በሰፈራችን ጥሩ ተወራሽ ነው። ትራንሽን የተባለው የሼንዘን ኩባንያ ይህን ስልክ ሲያስብ የአፍሪካን ገበያ ዓይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲገጣጠም ቆይቷል። አማርኛ ይጽፋል። ሁለት ሲም ይይዛል። ካሜራው ጠቆር ያለ ፊት በደብዛዛ ብርሃን እንዳይጠፋበት ተደርጎ ተስተካክሏል። ከዚያ በፊት በነበሩን ስልኮች ማታ ሠርግ ላይ ፎቶ ስንነሳ የሚወጣው ጥርስና ሸሚዝ ብቻ ነበር፤ የትኛው የማን ጥርስ እንደሆነ ቤተሰብ ተሰብስቦ ይከራከራል።

የስማርት ስልክ ውርስ ሌላ ጣጣም አለው። ዕቃው ብቻውን አይወርድም፤ ጠባዩም አብሮ ይወርዳል። ታናሽ ወንድሜ ስልኩን ለእናታችን ሲያወርስ ቲክቶኩን ሳይዘጋ ሰጣት። ቲክቶክ ባለቤት መቀየሩን ማን ነገረው? እናታችን ስብከት ልትሰማ በከፈተች ቁጥር ወገባቸውን የሚያውረገርጉ ልጃገረዶች እየተግተለተሉ መጡባት። አንድ ቀን መነጽሯን አውልቃ፣ «ይሄ ስልክ የማን ነበር?» ብላ ጠየቀች። ወንድሜ አቀረቀረ። «ነፍስ አባቱን ያነጋግር» አለች፤ ስልኩን ይሁን ልጇን ግልጽ አላደረገችም።

ገመድ አልባዎቹን የጆሮ ማዳመጫዎች ግን ሳላመነታ ዜሮ ሰጥቻቸዋለሁ። ባትሪያቸው ኢምንት ነው፤ ሲደክምም ተከፍቶ የሚቀየር አይደለም። አንደኛዋ ሁልጊዜ ታክሲ ወንበር ሥር ትቀራለች። የተረፈችውን ደግሞ ማን ይወርሳል? ሰው የሰው ኮት ይለብሳል፤ የሰው ኩክ ግን ወደ ጆሮው አያስገባም። ቁራሌው እንኳ ተቀብሎ አገላብጦ አያትና «ብረት የላትም» ብሎ መለሰልኝ፤ ለዚያውም የተቀደደ ሳፋ እንኳ የማያሳልፍ ሰው ነው።

ከዋሽንግተን የመጣ ዘመድ ያመጣልኝ ስማርት ሰዓት ደግሞ ልዩ ምርመራ ይገባዋል። አሠራሩ ብልጠት ያለበት ነው። ከሥሩ አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ይልካል፤ ደም አረንጓዴ ብርሃን ስለሚውጥ፣ ልብ በመታ ቁጥር ተመላሹ ብርሃን ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሰዓቱ ያንን ቆጥሮ የልብ ምት ነው ይላል። እርምጃ የሚቆጥረው ደግሞ የእጅን መወዛወዝ ተከትሎ ነው። የሠራው ሰው ታዲያ እጅ የሚወዛወዘው በእግር ጉዞ ብቻ መስሎታል። እህቴ አጥልቃው ቡና ወቀጠች። ቡናው ገና ሳይልም ሰዓቱ ነዘረና የቀኑን ግቧን ማሳካቷን አበሰራት፤ ዱካ ላይ ተቀምጣ ከዘነዘናው ጋር ስትታገል ጃንሜዳን የዞረች መስሎታል። የልብ ምቱንስ ለምን አንፈትንም ብለን የጀበናዋ አንገት ላይ አሰርነው። ትንሽ አሰበና 74 አለ። ብርሃን የመለሰለትን ነገር ሁሉ ልብ አለው ብሎ የሚያምን ቅን ፍጡር ነው። እኛም የጀበናዋን ጤንነት ካረጋገጥን በኋላ ተረጋግተን እስከ በረካ ጠጣን። ሰዓቱ ያገኘው ወራሽ ግማሽ ነው፤ የእህቴ ልጅ ለመጫወቻ ጠይቆታል፣ ግን አልቸኮለም።

ልብስ ላይ ስንደርስ መለኪያዬ ከፋሽን ጋር በቀጥታ ይጋጫል። የፋሽን ኑሮው በሰው መሰላቸት ላይ ነው፤ የወራሽ ኑሮ ደግሞ በልብሱ አለማለቅ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን ድሉ ወደ ወራሾች አዘንብሏል። አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ወራት ውስጥ 100 ብር ሲያልፍ፣ ከውጭ የሚመጣው ጫማና ጃኬት ሁሉ ተከትሎት ወጣ። ያኔ ነው «ስትጥለው ወደ እኔ ጣለው» የሚለው ነገር ከቀልድነት የወጣው። ጎረቤቴ አሁን ሲናገረው አይስቅም፤ ቀን ይቆርጣል።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያለው ሰው ሰልባጅ ተራ አልሄደም ማለት ነው። ካሉኝ ጃኬቶች ሁሉ ምርጡ የማላውቀው ፈረንጅ፣ ሳልለምነው፣ ወደ እኔ የጣለው ነው። ጀርባው ላይ በእንግሊዝኛ «የአያቶች ቀን አስተባባሪ» ተብሎ ተጽፎበታል። ገና የልጅ አባት ሳልሆን የአያቶች አስተባባሪ ሆኛለሁ። ዚፑ ግን አንድ ቀን ነክሶ አያውቅም፤ አዲስ ከሱቅ የገዛሁት ጃኬት ዚፕ በገባ በወሩ ጥርሱን አራግፏል። የአባታችን ቦላሌ ሱሪም እንዲሁ ነው። በ1960ዎቹ ወጣት ሳለ የለበሰውን ሱሪ እኛ ልጆቹ «አስፋልት ይጠርጋል» እያልን አንድ በአንድ እምቢ ብለነው ሣጥን ውስጥ ከነናፍታሊኑ ተኝቶ ነበር። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባችው የወንድሜ ልጅ አውጥታ ለበሰችው። ጓደኞቿ «ከየት አስመጣሽው?» ሲሏት «ከአያቴ» ብላ ብትመልስ አንዳቸውም አላመኑም፤ የገዛችበትን ሱቅ የደበቀቻቸው መስሏቸው አኩርፈዋታል። ትውልድ ዘሎ ወራሽ የሚያገኝ ልብስ በእኔ መዝገብ ተጨማሪ ነጥብ አለው።

ጋቢን የሚስተካከለው ግን የለም። ሽሮ ሜዳ ላይ ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች የሚሠሩት ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ አራቱም ድርብ በየተራው ሥራ አለው። መጀመሪያ የአባት ትከሻ ላይ ይከርማል። ሳሳ ሲል የእንግዳ አልጋ ላይ ይወጣል። ከዚያ ለሁለት ተቀዶ ግማሹ አራስ ልጅ ይጠቀለልበታል፣ ግማሹ ካውያ ሥር ይነጠፋል። በመጨረሻ ወለል ይወለውላል፤ ለዚያውም ከሱቅ ከተገዛው መወልወያ በተሻለ። በአንጻሩ ጥበብ በማሽን የታተመበት ቀሚስ ከሩቅ ሲያዩት ልብ ያጠፋል፤ ጥቂት ከታጠበ በኋላ ግን ጥበቡ ሳፋው ውስጥ ይቀራል። የሚወረሰው ሳፋው ነው። ከጫማ ወገን ደግሞ በረባሶን የሚያህል አላየሁም። ጎማው መጀመሪያ መኪና፣ ቀጥሎ ጋሪ፣ በመጨረሻ ሰው ይሸከማል። ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 ዘነበ ወርቅ ሰፈር ሶልሬብልስን መሥርታ ይህንኑ ከጎማ የሚሠራ ጫማ አሳምራ ለውጭ ገበያ ስታቀርበው የሰፈራችን ዘበኛ ወሬውን ሰምቶ እግሩን ቁልቁል አየና፣ «እና እኛ እስከ ዛሬ ፋሽን ላይ ነበርን?» አለ።

ወደ ቅባትና ክሬም ስሻገር መለኪያዬ ተገለበጠብኝ። ቤተሰባችን ውስጥ ከቤት ቤት የሚዞር አንድ የፊት ክሬም አለ። ባለቤቴ ሞክራው «ለእኔ አልተስማማኝም» ብላ ለእህቴ ሰጠቻት። እህቴ ብጉር አውጥቶባት ለጎረቤቷ፣ ጎረቤቷ ለአከራይዋ። በወራሽ ብዛት ቢሆን ኖኪያ 1100ን ሊገለብጥ ምንም አልቀረውም። ነገሩ ሲጤን ግን ክሬሙ ይህን ሁሉ ሰው ያዳረሰው ማንንም ስላልተስማማ ነው። የተስማማ ክሬም ይደበቃል። ሲያልቅም ቱቦው በመቀስ ተቆርጦ ውስጡ በጣት ይጠረጋል እንጂ ለማንም አይሰጥም። ስለዚህ በውበት ዕቃ ላይ ሕጉ ይገለበጣል፤ ወራሽ የሌለው ነው ምርጡ። «ውሰጂው፣ ለአንቺ ይሆናል» ተብሎ የተሰጠ ክሬም ካለ መጀመሪያ ክንድ ላይ ትንሽ ቀብቶ አንድ ሁለት ቀን መጠበቅ፣ ጀርባው ላይ ያለችውን ክዳኗ የተከፈተ ብልቃጥ ሥዕልም ማየት ነው። ብልቃጧ ውስጥ 12 ከተጻፈ፣ ከተከፈተ በኋላ ዕድሜው 12 ወር ነው ማለት ነው፤ የእኛ ዟሪ ክሬም ይህን ዕድሜ የጨረሰው ገና ሁለተኛው ቤት ሳለ ነው። ማስካራ ደግሞ ጨርሶ አይወረስም፤ የዓይን በሽታ አብሮ ይወረሳል።

መለያ የሌላቸውን «በሳምንት ፊት የሚያፈኩ» ቅባቶች በተመለከተ ቀልድ የለኝም። ብዙዎቹ ውስጥ ሜርኩሪ ወይም ኃይለኛ ስቴሮይድ ይገኛል። አንደኛው ኩላሊት ይጎዳል፣ ሌላኛው ቆዳ ያሳሳል። ለእነዚህ ባለቤትም ወራሽም አያስፈልግም።

የፀሐይ መከላከያ ቅባት ግን ራሴ ሞክሬ ወድጄዋለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነች፤ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ስለሚበረታ ፀሐይዋ ከምትታየው በላይ ትቆነጥጣለች። ሻጯ 30 ቁጥሩን ትታ 50ውን እንድገዛ ለመነችኝ። 30 ቁጥር ቆዳ ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶውን ያግዳል፣ 50 ቁጥር 98 በመቶውን፤ ለአንዲት በመቶ የተጠየቅኩት ጭማሪ ግን ጃንጥላ ይገዛል። 30ውን ያዝኩ። ዚንክ ያለበት ስለነበር ፊቴ ላይ ነጭ ሆኖ ቀረ። በር ላይ ዘበኛችን ከበረባሶው ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ከወፍጮ ቤት ነው የሚመጡት?» አለኝ። በኋላ ነጭ የማያስቀረውን ዓይነት አገኘሁ፤ ያለበትን ቦታ ለማንም አልናገርም።

ከውበት ዕቃ ሁሉ ሳይጠየቅ የሚያወርሰው ለጋ ቅቤ ብቻ ነው። እናቴ ፀጉሯን ተቀብታ ፀሐይ ላይ ስትወጣ፣ ቅቤው በሰው ገላ ሙቀት የሚቀልጥ ነውና፣ መጀመሪያ ነጠላዋን፣ ከዚያ የሶፋውን መደገፊያ፣ በመጨረሻ የታክሲውን መስኮት ያወርሳል። አጠገቧ የተቀመጠው ተሳፋሪም ድርሻውን ሳያገኝ አይወርድም። ፀጉሯ ግን በዚህ ዕድሜዋ ያበራል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዘይት ሁሉ ከጎኑ ቢሰለፍ እኔ ቅቤውን እመርጣለሁ።

ፊልምና ድራማ በእጅ አይወረስም፤ በአፍ ነው የሚወረሰው። አንድ ሰው አይቶ ላላየው ካወራለት፣ ያ ሰው ወራሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቃና ቴሌቪዥን ተከፍቶ በአማርኛ ድምፅ የተተኩ የቱርክ ድራማዎች ሰፈሩን ሲቆጣጠሩት መብራትም የራሱ ፕሮግራም ነበረው፤ ልክ «ኩዚ ጉኒ» የተባለው ድራማ ጭንቅ ላይ ሲደርስ ይጠፋል። በማግስቱ ግን ጄኔሬተር ያለበት ቤት ያመሸችው ልብስ ሰፊያችን ማሽኗን አቁማ ያለፈውን ክፍል ትተርከዋለች። በዓይኔ ካየሁት ይልቅ ከእሷ የሰማሁት ይበልጥብኛል። በእሷ ትረካ ክፉው ሰው እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀጣል፤ የቱርክ ደራሲዎች ግን ለዚህ ስንት ወር ያስጠብቁናል። በሌላ በኩል ደግሞ ባለመነጽሩን ባለሦስት አውታር (3D) ፊልም አዳራሽ ገብቼ አየሁ። ስወጣ ባለቤቴ «እንዴት ነበር?» አለችኝ። «አንድ ከተማ ፈነዳ» አልኳት። «ከዚያስ?» «ከዚያ ሌላኛው ፈነዳ።» ወሬው እዚያው ላይ ሞተ፤ ወራሽ የለውም።

በዚህ ዘርፍ ያለው ትልቁ ባለርስት ግን ፍቅር እስከ መቃብር የተባለው ልብ ወለድ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. አሳተሙት። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከው፤ ትረካው ከሬዲዮ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ስልክ ወረደ። ደራሲውም ተራኪውም ካለፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ወራሾቹ ግን ገና እየተወለዱ ነው። እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ ትከፍተዋለች፣ የወንድሜ ልጅ ቦላሌዋን እንደለበሰች በር ላይ ቆማ ትሰማለች። የሚከፈተው በየትኛው ስልክ መሰላችሁ? በዚያ ባለጌ ስልክ ነው። ንስሐውን ጨርሷል ማለት ነው።

አሁን ሱቅ ስገባ የምጠይቀው ጥያቄ ሻጮችን ግራ ያጋባል። ባለፈው ስልክ ልገዛ ገብቼ ልጁ ስለ ካሜራው ሜጋፒክስል ሲደረድርልኝ፣ «አክስቴ ትችለዋለች?» አልኩት። «ለአክስትህ ነው እንዴ የምትገዛው?» አለኝ። «አሁን ለእኔ ነው፤ ወደፊት ለእሷ ነው።» ሳቀና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ግዴለም፤ እሱ የሚሸጠው ለአንድ ሰው ነው፣ እኔ የምገዛው ለሰልፍ ነው።

ሰልፉ ደግሞ እንደማይተኛ ያወቅሁት ለአክስቴ ስደውልላት ነው። ባለፈው የወረደላትን ቴክኖ እንዴት እንዳገኘችው አስተያየቷን ልጠይቃት ፈልጌ ነበር።

«ይሄኛውስ ደህና ነው» አለች፣ «መስተዋቱ ትንሽ ተሰነጠቀ እንጂ። ያኛው እንዴት ነው?»

«የትኛው?»

«አሁን የምታናግረኝ ነዋ። ደህና ይዘኸዋል?»

«ደህና ነው፣ አክስቴ።»

«ባትሪውስ?»

«እስከ ማታ ይቆያል።»

«ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ አትተወው እሺ፣ ይጎዳዋል አሉ።»

«ማን አለሽ?»

«የልጅ ልጄ ነዋ» አለች፣ «ከእኔ ቀጥሎ እኮ ተራው የእሱ ነው።»